«ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ተመለስ!» — የቤታችሁን አባባልና ቅጣት እስቲ አምጡት

የሞጣው

ልጅ ሆናችሁ ሱቅ ስትላኩ፣ እናታችሁ መሬት ላይ እንትፍ ብላ «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ተመለስ!» ያለቻችሁ እጃችሁን አውጡ።

እኛ ያደግነው ሞጣ ነው። በበጋ አቧራ ላይ የወደቀች ምራቅ ስንት ደቂቃ ትቆያለች? እኔ እንጃ። ጨውና ክብሪት ይዤ ስመለስ ግን ልቤ ባፌ ልትወጣ ትደርስ ነበር። ክረምት ላይ ይሻላል። መሬቱ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የቱ ምራቅ፣ የቱ ዝናብ እንደሆነ ማን ይለያል? ታላቅ እህቴ ደግሞ ብልጥ ነበረች። እናታችንን በወሬ ይዛ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ትወስዳትና እዚያ ታስተፋታለች። ጥላ ሥር ቶሎ አይደርቅማ!

ይህን ያስታወሰኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው። አንድ ነገር ተናገርኩትና እንባው ዱብ ዱብ አለ። አባቴ ሁሌ እንደሚለኝ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አልኩት። ልጄ ዓይኑን እያሸ «እና ብትቀጣኝ አላለቅስም?» አይለኝም! እናቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

እስቲ እናንተም የቤታችሁን አምጡ። አባባሉንም፣ ክልከላውንም፣ ቅጣቱንም። ወግ ነው የምፈልገው፤ ክርክር ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ሸዋዬ

ምራቋን አውቃታለሁ። እኔን ያሳደገኝ ግን ዓይን ነው።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም። ልጅን በሰው ፊት መቆጣት ነውር ነው ትላለች። ታዲያ ሰው ቤት ስንሄድ ትምህርቱ ከመንገድ ይጀምራል። «ብዪ ሲሉሽ ጠግቤያለሁ በዪ። የሰው ዕቃ አትነካኪ። የሚበላ ሰው አፍ አትዪ።» እንገባለን፣ እንቀመጣለን። ትኩስ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። የኮባው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። የቤቱ እመቤት «እንኪ የኔ ልጅ» ይላሉ። እኔ «ጠግቤያለሁ»። «በሞቴ! ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው?» ያኔ ቀስ ብዬ ወደ እናቴ ዞር እላለሁ። አፏ «ተቀበዪ እንጂ፣ እትዬ ሲሰጡሽ» ይላል። ዓይኗ የሚለው ሌላ ነው። የቀኝ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ ካለ አለቀልኝ።

አፏን አምኜ የተቀበልኩ ቀን፣ ቤት ስንገባ ምንም አትቸኩልም። ነጠላዋን ታጣጥፋለች። ጫማዋን ታወልቃለች። ውሃ ትጠጣለች። ከዚያ ጭኔን ከውስጥ በኩል ትይዝና ቁንጥጫውን እንደ ቁልፍ ታዞረዋለች። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ትለኛለች፣ እያዞረች።

አሁን የራሴ ልጆች አሉኝ። ቅንድቤን ሳነሳባቸው «እማዬ፣ ዓይንሽን አመመሽ?» ይሉኛል።

የመርካቶ ልጅ

ሸዋዬ በእናት ብቻ ተቀጥተሽ ነው የምታማርሪው? እኛን የቀጣን ሰፈር ነው።

የካልሲ ኳሳችን ግቢ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ላይ ዘፍ አለች እንበል። የበርበሬው ባለቤት መጀመሪያ ጆሮህን ይዘው ሁለት ኩርኩም ያቀምሱሃል። ከዚያ በዚያው ጆሮ እየመሩ ቤትህ ያደርሱሃል። እናትህ ልጄን ለምን ነካሽ የምትል እንዳይመስልህ። «እጅዎን ይባርከው! ደግ አደረጉ!» ትልና ሁለተኛውን ዙር ትጀምራለች። ማታ አባትህ ሲገባ ጉዳዩ እንደገና ይነሳል። አንድ ጥፋት፣ ሦስት ችሎት። ይግባኝ የለም።

የሚገርመው ግን ገላጋይዋም ያቺው የበርበሬዋ እመቤት ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው ይመጡና «በቃ፣ ይበቃዋል፣ ለእኔ ስትዪ ተዪው» ብለው ከእናትህ እጅ ያስጥሉሃል። ይዘውህ ሄደው ዳቦ ይሰጡሃል። ያን ሁሉ ያመጣሁት በማን ሆነና!

«ሁለተኛ አይለመደኝም!» እያልን ስንቴ ምለን ይሆን? ከሳምንት በኋላ ያው ግቢ፣ ያው በርበሬ።

ደጀ ሰላም

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ የለም እንዴ እዚህ?

አባቴ እጄን ይዞ የኔታ ፊት ሲያቆመኝ «ዓይኑን ብቻ ያስቀሩልኝ፣ ሌላው የእርስዎ ነው» አላቸው። እኔ ቆሜ እሰማለሁ! የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። እኛ ፊደል ገበታችንን ይዘን፣ በስንደዶ እየጠቆምን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ» ስንል እሳቸው ዛፉን ተደግፈው ያንቀላፉ ይመስላሉ። ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ማን አፉን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ ያውቃሉ። ረጅም አርጩሜ አላቸው። ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይደርሳል። እሳቸው ማየት ስለማይችሉ ደግሞ ከአጥፊው ጎን የተቀመጠውም ድርሻውን ያገኛል። በዚህ ምክንያት ከሰነፍ ጎን የሚቀመጥ አልነበረም። ሰነፍ ብቻውን ነበር የሚቀመጠው፤ ያኔ ደግሞ አርጩሜው አይስተውም።

ያም ሆኖ ፊደሉ፣ አቡጊዳው፣ መልእክተ ዮሐንሱ ገብቶናል። ዳዊት የደገምኩ ዕለት እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ጎረቤቱን ጠርታለች። የኔታ ራሴን ዳብሰው የመረቁኝን ምርቃት እስካሁን አልረሳሁትም። አርጩሜውንም አልረሳሁትም። ሁለቱም አሉ።

የከሚሴዋ

@ደጀ ሰላም፣ እኛ ቁርኣን ቤት ያው ነበር በለኛ! በፊደል ገበታ ፋንታ ሉሕ ነው የያዝነው። እንጨቱ ላይ በጥላሸት ቀለም ተጽፎ ይሰጠናል፤ ስንይዘው ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። ያልያዝከውን ሉሕ «ይዣለሁ» ብለህ ያጠብክ ቀን ወዮልህ። ሸኹ «እስቲ በቃልህ» ይላሉ። ከየት ይምጣ? ታጥቧል!

የአያቴን አባባል ልንገራችሁ። ከልጆቹ አንዱ ቸኩሎ የወተቱን ቅል ከደፋ፣ መቆጣት የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትልና ጨርቁን ትሰጠዋለች። ጠርጎ እስኪጨርስ አጠገቡ ትቆማለች። ወተቱ ደግሞ የእሱ የእራት ወተት ነበር። በቃ፣ ቅጣቱ ይኼው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እኔ ዕቃ ሳነሳ በሁለት እጄ ነው።

ጉለሌ

እስቲ ክልከላዎቹን እንሰብስብ። እኔ ልጀምር። ማታ ቤት አይጠረግም፣ በረከት ይወጣል። ደፍ ላይ አይቀመጡም። ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ያወጣል። መቀስ ባዶውን ካንቀጫቀጭከው ቤት ውስጥ ጥል ይገባል።

ሸዋዬ

የተኛን ልጅ መረማመድ አይቻልም፤ አያድግም። ከተራመድከው በተራመድክበት ተመልሰህ መራመድ አለብህ። ወንድሜ ሆን ብሎ ይራመደኝና «ካልለመንሽኝ አልመለስም» ይለኝ ነበር። አሁንም አጭር ነኝ፤ ሒሳቡን ከእሱ እፈልጋለሁ።

የመርካቶ ልጅ

ድስት ጠርጎ የበላ በሰርጉ ቀን ዝናብ ይዘንብበታል። ቡና የጠጣ ልጅ ጭራ ያበቅላል።

የከሚሴዋ

የዱባ አበባ በጣት አይጠቆምም፣ ይረግፋል። ፀሐይ እያለች ከዘነበ ጅብ ወለደች ማለት ነው። ጫማ ተገልብጦ አይተውም።

ጉለሌ

ብዙዎቹ እኮ ሲያዩዋቸው ብልሃት ናቸው። ማታ በኩራዝ ብርሃን ቤት ስትጠርግ የወደቀ ቀለበት ወይም ሳንቲም ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ደፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ ወጥ ይዞ የሚገባውን ሰው ያደናቅፋል። ዱባውም ቢሆን፣ ልጅ እየጠቆመ ቀርቦ እየቀነጠሰ ከሄደ ፍሬ ከየት ይመጣል? ለአራት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ከማስረዳት «ይረግፋል» ማለት ይቀላል።

የጭራው ነገር ግን ግልጽ ነው። ቡና ውድ ነው፤ ሦስቱ ዙር ለትልልቆቹ መድረስ አለበት።

ነርሷ

ወጉ ደስ ይላል፣ ስስቅ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ማንም ስላላነሳው ላንሳው። በርበሬ መታጠን።

ለማያውቀው፦ ከሰሉ ላይ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ጣል ይደረጋል። ልጁ ተይዞ ጭሱ ላይ ይደፋል። አንዳንዱ ቤት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከላይ ይለበስበታል፣ ጭሱ እንዳይወጣ። እኔ ታጥኛለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሃምሳ ሳንቲም ሰርቄ ነው። መጀመሪያ ዓይን ነው የሚያቃጥለው። ያ እንኳ ይቻላል። ቀጥሎ ጉሮሮ ይዘጋል። አየር ልትስቢ ስትሞክሪ የምትስቢው ያንኑ ጭስ ነው። መጮህ ትፈልጊያለሽ፣ ድምፅ የለም። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከዚያ በኋላ አቅፋኝ አብራኝ አልቅሳለች። እሷም በልጅነቷ ታጥናለች።

አሁን ሥራዬ ከሕፃናት ጋር ነው። ያ ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብበዋል። አስም ያለበትን ልጅ ሊገድለው ይችላል። አስም እንዳለበት ደግሞ ወላጅ ሁልጊዜ አያውቅም። ቁንጥጫና ኩርኩም ላይ እንሳቅ። ይኼኛውን ግን ወግ አናድርገው።

ሽበቱ

ልጄ ነርሷ፣ የምትዪው ይገባኛል። በርበሬውን እኔም አልደግፍም። ነገር ግን አሁን ያለው ነገር ወደ ሌላ ጽንፍ ሄዷል። እኛ ትልልቆቹ ሲበሉ ኩራዝ ይዘን ቆመናል። የእንግዳ እግር አጥበናል። ጉልበት ስመናል። ተገርፈናል። ምን ሆንን? ሰው ሆንን። ዛሬ ልጅ አባቱ ሲገባ ከስልኩ ቀና አይልም። ታክሲ ውስጥ ሽማግሌ ቆሞ ወጣቱ ተቀምጦ ይሄዳል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲባል የሰማ ትውልድ እና ያልሰማ ትውልድ አንድ አይደለም።

ነርሷ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ምን ሆንን» የሚለው እዚህ ቁጭ ብለን የምንጽፈው ነን። በጥፊ ጆሮው የደነቆረው የክፍል ጓደኛዬ እዚህ ክር ላይ አይጽፍም። ከቤት ጠፍቶ በዚያው የቀረው የጎረቤታችን ልጅም አይጽፍም።

ሽበቱ

እሱ እውነት ነው። የጠፉም አሉ። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ አትሰሩት ነው የምለው። ልምጭ ቆርጠህ አምጣ ተብለህ፣ አንተው መርጠህ፣ አንተው አምጥተህ፣ ሁለቴ ሾጥ ተደርገህ መገላገልና በስካር የሚደበድብ አባት አንድ አይደሉም። ስንቱ አባት ደግሞ ልምጩን አይቶ «ከዚህ የቀጠነ አጣህ?» ብሎ ስቆ ትቶታል።

የመርካቶ ልጅ

ልምጭ ምርጫ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው ጋሼ። ቀጭን ካመጣህ ይለበልባል፣ ወፍራም ካመጣህ ያብጣል። ደረቁ ይሻላል፣ ቶሎ ይሰበራል። ግን ደረቅ ያመጣህ ቀን «ብልጥ ነህ» ተብለህ ለብልጠትህ ይጨመርልሃል።

ጠበቃው

ክርክር አትፈልጉም አላችሁ፤ ስለዚህ ሕጉን ብቻ ጣል አድርጌ ልሂድ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ አርጩሜ የያዘ መምህር ሕግ እየጣሰ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ግን እንዲህ የጠራ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትና መጉዳትን ያስቀጣል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ከሕግ ጋር የማይቃረን ተገቢ የሥነ ሥርዓት እርምጃን ለወላጅ ይተውለታል። «ተገቢ» የቱ ጋ እንደሚያበቃ ዳኛው ነው የሚያየው። በርበሬ ማጠን ተገቢ ነው የሚል ዳኛ ፊት ግን መቆም አልፈልግም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ያለን ወላጆች ያለን መሣሪያ አንድ ነው፦ «ክረምት ላይ አያትሽ ጋ ነው የምልክሽ!» ሴት ልጄ ትንሽ እያለች ይሠራ ነበር። አንድ ክረምት እውነትም ወሰድኳት። አያቷ ዶሮ ሲያሳድዱ አብራ እያሳደደች፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች፣ «ማር ነሽ» እየተባለች ከረመች። አያት የልጅ ልጅ አይቀጣማ! ያቺ እኔን በአለንጋ ያሳደገች ሴት፣ ልጄ ብርጭቆ ስትሰብር «እንኳን አንቺን አልቆረጠሽ» አለቻት። እኔ ቆሜ አያለሁ። አሁን ልጄ «መቼ ነው የምታስፈራሪኝ?» ትለኛለች።

ቤርሼባ

እኛ በ1983 ግንቦት ነው በአውሮፕላን እስራኤል የገባነው፤ ያ ሁሉ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የመጣበት ጊዜ። ጎንደር ገጠር እያለን የአባቴ ቃል ሁለት አይባልም ነበር። ሽማግሌ ሲያልፍ ልጅ ይነሳል። እዚህ ስንመጣ ቋንቋውን ቀድመን የለመድነው ልጆቹ ነን። ክሊኒክም፣ ቢሮም አባቴን ይዤ የምሄደው እኔ፤ የሚሉትን የምነግረው እኔ። ትምህርት ቤት ተጠርቶ መምህሯ ስለ እኔ ክስ ስታቀርብ የተረጎምኩለትም እኔው ነኝ። «ጎበዝ ነው እያለች ነው» አልኩት። አባቴ ግን ሞኝ አልነበረም። ፊቷን አይቶ «ለምን ታዲያ እንዲህ ተኮሳተረች?» አለኝ።

የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ወላጅም ቢሆን ልጁን መምታት አይችልም ብሎ ሲወስን፣ በእኛ ሰፈር የነበረው ጭንቀት የዱላ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «ልጅ አንዴ ቋንቋውን ወሰደብን፣ አሁን ደግሞ ፖሊስ ይጠራብናል» ይሉ ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲያ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። የቀረው አባባሉ ነው። ስዋሽ «ውሸት እግር የላትም» ይለኛል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም። ከዱላው ያ ዝምታ ይብስ ነበር።

የሞጣው

ክርክር አልፈልግም ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! ግን ጥሩ ሆነ።

በነገራችን ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ስጠረጥረው የኖርኩትን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ምራቋ ደርቃ ብታገኚያት ምን ታደርጊን ነበር?» ሳቀች። «ማን ዞሮ አያት! ወጥ ጥጄ» አለችኝ።

ሸዋዬ

ወይ ጉድ! ስንት ሕፃን ነው በከንቱ የሮጠው!

እማሆይ አይደለሁም

የእንቁላሉን ተረት ያመጣ የለም? የኔ አያት ሁሌም ከእራት በኋላ «ተረት ተረት» ትላለች። እኛ «የላም በረት»። ልጁ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ይመጣል። እናቱ ዝም ብላ ትቀቅልለታለች። ዶሮ ያመጣል፣ ዝም። በግ ያመጣል፣ ዝም። በመጨረሻ በሬ ሲሰርቅ ይያዝና ሞት ይፈረድበታል። ሊሰቀል ሲል እናቴን ልሰናበት ብሎ ያስጠራታል። ጠጋ ስትል ጆሮዋን ይነክሳታል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!»

አያቴ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የታናሽ ወንድሜን ጆሮ ትይዝና ሁላችንም ደንግጠን እንጮኻለን። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ያን ሰምቶ ማን ነው የሰው እንቁላል የሚነካ?

እኔ አንድ ነገር ልብ አድርጉልኝ የምለው፣ አያቴ ራሷ ልጅ ገርፋ አታውቅም። ተረቱን ነው የምታወራው። አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ያንኑ አይደል ሲያደርጉ የኖሩት? በ2009 ሲያርፉ በቴሌቪዥን አጠገባቸው ተቀምጦ ያደገ የመሰለው ሁሉ ነው ያለቀሰው። አለንጋ ይዘው አላየናቸውም።

መምህር ከገጠር

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ስለ ዛሬው ልንገራችሁ። ጠበቃው ያለው ሕግ ትክክል ነው፣ በስብሰባም ተነግሮናል። ወላጁ ግን ልጁን ይዞ ይመጣና «ግረፍልኝ» ይላል። «አልገርፍም፣ ክልክል ነው» ስለው «እንግዲህ ምን ልታስተምረው ነው?» ይለኛል። ከሰባ በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ነው። ሜዳው ላይ የሚቀመጡም አሉ። አርጩሜ መያዝ ቀላል መንገድ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። የሚረብሸውን ልጅ የክፍሉ ውሃ ኃላፊ አደርገዋለሁ። ጀሪካኑ የእሱ ነው። ማን ጠጣ፣ ማን ደፋ፣ እሱ ይቆጣጠራል። ባለፈው ዓመት በጣም ያስቸገረኝ ልጅ አሁን ከእኔ በላይ ሌሎቹን ይቆጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲል ሰምቼዋለሁ፣ በአያቱ ድምፅ። የከሚሴዋ አያት ዘመዱ ሳትሆን አትቀርም።

ሁሉም ላይ አይሠራም። አንዱ ጀሪካኑን ይዞ ጠፍቷል።

ሽበቱ

መምህር፣ እግዜር ይስጥህ። ጀሪካኑ ተገኘ?

መምህር ከገጠር

ተገኘ ጋሼ። እናቱ ጠላ ጠምቃበት ነበር።

ጉለሌ

ሳልረሳው አንድ ክልከላ ቀረን። ማታ ማፏጨት። እኛ ቤት ማታ ካፏጨህ እባብ ይመጣል።

ደጀ ሰላም

እባብ? ሰይጣን ነው የሚመጣው። ማታ ያፏጨ ሰይጣን ጠራ ይባላል።

የከሚሴዋ

እኛ ጋ ጅን ነው።

የመርካቶ ልጅ

እኛ ሰፈር ሌባ ነው። ሌቦች በፉጨት ስለሚጠራሩ፣ ያፏጨ ልጅ ከእነሱ ይቆጠራል።

ሸዋዬ

እኛ ጋ ጅብ ይባላል። ለእኔ ግን አይገባኝም፤ የመንዝ ጅብ ሳይጠሩትም ይመጣል።